የመንጃ ፈቃድ ፈተና ዋዜማ

ቤት መሥርተው ልጅ ያሳደጉ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የመንጃ ፈቃድ ፈተናቸው ሲቃረብ እንደ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንቅልፍ ያጣሉ። ነገሩ አያስገርምም። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ አንድ የማናውቀው ሰው አጠገባችን ተቀምጦ፣ እጅና እግራችንን እየተከታተለ «አልፈዋል» ወይም «ወድቀዋል» ብሎን አያውቅም። በዚያ ላይ የመኪና ስህተት እንደ ወረቀት ስህተት ተሰርዞ አይታረምም። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጠፋ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። ቤት ስንመለስ ደግሞ እናት፣ ባል፣ ልጆችና ጎረቤት ውጤት ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ብዙ ሰው «ፍርሃቴን እንዴት ላጥፋው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ዓምድ የምናነሳው ጥያቄው ትንሽ ስለሚዛነፍ ነው። ፍርሃት እንዲጠፋ መጠበቅ አያዋጣም፤ ፈተናውን በጥሩ ሁኔታ ያለፉትም ሲፈሩ ነበር። ማድረግ የሚቻለው ፍርሃቱ ሲመጣ እጅና እግር የለመዱትን እንዲሠሩ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ልብ ሲመታ መኪና ውስጥ ምን ይፈጠራል?

አእምሮ አደጋ የመጣ ሲመስለው ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጡንቻ ለሩጫ ይዘጋጃል። ጅብ ቢመጣብን ይህ ሁሉ ይጠቅመናል። መሪ ጨብጦ ለተቀመጠ ሰው ግን ሦስት ችግር ያመጣበታል።

አንደኛው ዓይን ይጠብባል። የፈራ ሰው ኮፈኑን ወይም ከፊቱ ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚያየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ቅርብ የሚያይ ሰው ሁሉም ነገር በድንገት የመጣበት ይመስለዋል፤ ይህም ፍርሃቱን ይጨምረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አገጭዎን ትንሽ ቀና አድርገው መንገዱ የሚያልቅበትን ሩቅ ቦታ ይመልከቱ። መሪው በራሱ ይረጋጋልዎታል።

ሁለተኛው የግራ እግር መንቀጥቀጥ ነው። በማንዋል መኪና የተፈተነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዘው ሲጠብቁ ጉልበት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ይህ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። አድሬናሊን የሞላበት ጡንቻ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲወጠር የሚያደርገው ነው። ብዙ ጊዜ ወንበሩ በጣም ወደ ኋላ ከመሆኑ የተነሳ እግር ተንጠልጥሎ ስለሚሠራ ይብሳል። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ እስኪቀር ድረስ ወንበሩን ወደ ፊት ያምጡ። ተረከዝዎን መሬት አሳርፈው ይሥሩ። ወንበርና ስፖኪዮ ለማስተካከል የሚወስዱትን ጊዜ አይሽቀዳደሙበት። የጥሩ አሽከርካሪ ልማድ ነው፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብም ጊዜ ይሰጥዎታል።

ሦስተኛው ጆሮ ይደነቁራል። ፈታኙ «ወደ ግራ ይታጠፉ» ሲል የቀኝ ፍሬቻ ያበራ ስንት ሰው አለ! የተጨነቀ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ያንሳል። ትእዛዙን ሲሰሙ በለሆሳስ ይድገሙት፤ «ወደ ግራ»። ካልገባዎት «ይቅርታ፣ ይደግሙልኝ?» ማለት ነውር የለበትም።

ለሦስቱም የሚጠቅመው አንድ ነገር ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። የሚያረጋጋው የማስወጣቱ መርዘም ነው። ተራ ሲጠብቁ አምስት ጊዜ ያህል ይሥሩት።

ልክ ያለው ፍርሃት ደግሞ ወዳጅ ነው። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለው አባባል ከመሪ ኋላ ሲሆን እውነትነቱ ይበዛል፤ ምንም የማይፈራ ጀማሪ ስፖኪዮ አያይም። ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከበድ ያለ ነገር ለመማር በጣም ብርቱ ድንጋጤ ሳይሆን መጠነኛው እንደሚሻል አሳይተዋል። በሐርቫርድ የምታስተምረው አሊሰን ዉድ ብሩክስ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከመዝፈን፣ ንግግር ከማድረግና ሒሳብ ከመሥራት በፊት «ተረጋጋ» ከማለት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ብለው ሲነሱ የተሻለ እንደሠሩ አግኝታለች። ለልብ ምት ጉጉትና ፍርሃት አንድ ናቸው። ስሙን መቀየር ምቱን ለማቆም ከመታገል ይቀላል።

ያለ መኪና የሚሠራ ልምምድ

የማሰልጠኛ ሰዓት ውድ ነው፤ ወረፋውም አለ። የራስን መኪና ይዞ ያለ ፈቃድ ሰፈር ውስጥ መለማመድ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎረቤት ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ያለ መኪና የሚሠራ ግን ብዙ አለ።

ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከፊትዎ ሦስት ጫማ ይደርድሩ። ግራው ፍሪሲዮን፣ መካከለኛው ፍሬን፣ ቀኙ ነዳጅ መስጫ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ከመነሳት እስከ መቆም ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩት፤ ቀበቶ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሪሲዮን፣ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ በትከሻ በላይ ዞር ብሎ ማየት፣ የእጅ ፍሬን ማውረድ። ልጆች ይስቁብዎታል፤ ይሳቁ። በሐሳብ የሚደረግ ልምምድ እውነተኛውን ባይተካም እንደሚያግዘው በስፖርትና በሙዚቃ ትምህርት በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታክሲ ሲሳፈሩ ጋቢና ይቀመጡ። ሾፌሩ ከሚያደርገው ይልቅ መንገዱ የሚጠይቀውን ያንብቡ። «ከፊት ዜብራ አለ፤ ሴትዮዋ ልትሻገር ነው። ያ ነጭ መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ሊወጣ ነው። አደባባይ እየደረስን ነው፤ ውስጥ ያለው ቅድሚያ አለው።» ከመገናኛ እስከ ቦሌ እንዲህ እያሉ ለሁለት ሳምንት የተጓዘ ሰው መኪና ሳይነካ ዓይኑ ይሰለጥናል። ሾፌሩ ሲሳሳት ማስተዋልም ትምህርት ነው።

የጽሑፍ ፈተናውን ደግሞ የቤተሰብ ጨዋታ ያድርጉት። ምልክቶቹን በካርቶን ላይ ይሳሉና እራት ላይ ልጆች ይጠይቁዎት። ቅርጽና ቀለሙን የያዘ ሰው ግማሹን ጨርሷል፤ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊ ክብ ያዛል። በፈተናው ሰዓት ብዙ ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን ጥያቄውን ሳይጨርስ በመመለስ ነው። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «ያልሆነው» ሳያዩ አይለፉ።

ልምምዱ ፈተናውን ይምሰል

ብዙ ሠልጣኝ ከአሰልጣኙ ጋር ጎበዝ ነው፤ ከፈታኙ ጋር ግን እጁ ይታሰራል። ምክንያቱ አሰልጣኙ «አሁን ማርሽ፣ አሁን ፍሬቻ» እያለ ግማሹን ሥራ ስለሚሠራለት ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓቶች አሰልጣኝዎን ዝም እንዲሉ ይለምኗቸው። ለአደጋ ካልሆነ አንድ ቃል አይናገሩ፤ ስህተቱን መጨረሻ ላይ ይንገሩዎት። ከተቻለ ሌላ ሠልጣኝ ከኋላ ተቀምጦ ይይዎት። የሚያስፈራው መኪናው ሳይሆን መታየቱ ስለሆነ እሱንም መልመድ ያስፈልጋል።

የሚያስፈራዎትን አይሽሹት። ወደ ኋላ መንዳት ካስቸገረዎት የሰዓቱን ግማሽ ለእሱ ይስጡት። የብዙዎች ራስ ምታት የሆነው ዳገት ላይ መነሳት ነው፤ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት የያዘው ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገሩ ግን ከጉልበት ይልቅ የጆሮ ሥራ ነው። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ትንሽ ነዳጅ ይስጡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና ኮፈኑ ትንሽ ቀና ሲል መኪናው «ያዝኩ» እያለ ነው። እዚያ ላይ እግርዎን ያቁሙና የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ። የእጅ ፍሬኑ እስካለ ድረስ መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። መቸኮል አያስፈልግም፤ ከኋላ የሚነፋው ጥሩምባ መኪና አያስነሳም።

ከዚያ ደግሞ ለመጥፎው አስቀድመው መልስ ያዘጋጁ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው በጥቅሉ «እጥራለሁ» ካለው ይልቅ ያሰበውን እንደሚፈጽም ጽፏል። ለፈተና ሦስት ብቻ ይበቃሉ። ሞተሩ ከጠፋ፦ ፍሬንና ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ ማርሹን ኒውትራል አደርጋለሁ፣ አስነሳለሁ፣ ስፖኪዮ አይቼ እቀጥላለሁ። ትእዛዙ ካልተሰማኝ፦ እጠይቃለሁ። አንድ ስህተት ከሠራሁ፦ በአፌ አየር አስወጥቼ ዓይኔን ወደ ሩቅ እመልሳለሁ። የመጨረሻዋ ትልቋ ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የመጀመሪያው ስህተት ሳይሆን እሱን እያብሰለሰሉ የሚሠሩት ሁለተኛው ነው።

ዋዜማውና ጠዋቱ

ዋዜማው ላይ አዲስ ነገር አይማሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በመጨረሻው ሌሊት የተጠናው በመጀመሪያው ድንጋጤ ይበናል። መታወቂያና ሌሎች ወረቀቶችን ማታውኑ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡ፣ የሚለብሱትን ያዘጋጁ፣ ይተኙ። አካል የተማረውን አእምሮ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ጫማዎ ስስና ጠፍጣፋ ሶል ያለው፣ የለመዱት ይሁን። ተረከዘ ረጅም፣ ነጠላ ጫማና አዲስ ጫማ ቤት ይቅሩ። ነጠላ የሚያጣፉ ከሆነ ጫፉ ማርሽና የእጅ ፍሬን ላይ እንዳይጠመጠም ያስሩት።

ቡና ለማይጠጣ ሰው ያን ዕለት መጀመር አይመከርም። ለሚጠጣው አቦሉ ይበቃል፤ ቶናና በረካው ከፈተና በኋላ ይድረስ። ካፌይን በራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን እንጂ አይዝለሉ። ጾመኛ ከሆኑና ቀኑን መምረጥ ከተቻለ ጾም ያልሆነውን ቀን ይያዙ፤ ካልተቻለ የሌሊቱን እንቅልፍና የጠዋቱን ዕረፍት ያብዙ።

«ለድፍረት» ተብሎ የሚቀመስ አረቄ፣ ጫት ወይም ከጓደኛ የተገኘ የማረጋጊያ ክኒን ነገር አይታሰብ። አልኮልና ማረጋጊያ ክኒን ፍርሃቱን የሚያደበዝዙት እጅና ዓይንን አብረው በማደብዘዝ ነው። ጭንቀቱ ከፈተናም አልፎ ዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያውክ ከሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ለቤተሰብ

አንዳንድ ሰው ጉዳዩ እስኪሳካ ለማንም አይናገርም። ልማዳችን ነው፤ ጥቅምም አለው፤ ስልክ የሚደውል ያንሳል። ሙሉ ምስጢር ግን ሸክም ይሆናል። አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቅ፤ እሱም ሌላ አይጨምር።

የሚያውቁት ደግሞ ጥቂት ይጠንቀቁ። «ምን አላት፣ ልጅ ሁሉ ይነዳት የለ» ማለት ማበረታቻ ይመስላል፤ ለሚፈተነው ግን «ብትወድቂ ከልጅ አነስሽ» ማለት ነው። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን ጠዋት በር ላይ ስለ አደባባይ ሕግ አይጠይቅ። የሚሻለው ሥራዋን ማቅለል ነው፤ ያን ዕለት ልጆቹን ሌላ ሰው ትምህርት ቤት ያድርስ፣ ምሳው ሌላ እጅ ይሥራው።

ስትመለስ የመጀመሪያው ቃል «እማዬ፣ አለፍሽ?» አይሁን። ውጤቱ ከፊቷ ይነበባል። «እንዴት ዋልሽ? ነይ ቁጭ በይ» ይበቃል። ለፈተና የተቀመጠ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ይህን የመግቢያ በር ነው። በሩ የማያስፈራ ከሆነ መሪውም ይቀልላል።

አቋራጩ መንገድ

ፍርሃት በበረታበት ቦታ ሁሉ አንድ ሹክሹክታ አለ፤ «ሰው አለኝ፣ ትንሽ ከፈል አድርገሽ ጨርሺ» የሚል። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ለዚህ ዓምድ አንባቢ ግን ሌላም ጥያቄ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። በእኛም አገር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ድንኳን ይተክላሉ።

በገንዘብ የተገኘ ፈቃድ ፍርሃቱን አያስቀረውም፤ ቀኑን ያዛውረዋል እንጂ። ከፈታኝ ፊት የተሸሸው ድንጋጤ ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ በክረምት ዝናብ፣ ቁልቁለት ላይ ይመጣል። ያኔ አጠገብ ተቀምጦ ሁለተኛ ፍሬን የሚረግጥ አሰልጣኝ የለም። እንዲህ ስናየው ፈተናው የሚያስደነግጠን ሰው በሌለበት ሜዳ እንድንሳሳት የተሰጠን ርካሹ ዕድል ነው።

ቢወድቁስ? ቢያልፉስ?

ከወደቁ የዚያኑ ዕለት፣ ሳይረሱት፣ የጣለዎትን ነገር በአንድ መስመር ይጻፉ። «ወደ ኋላ ስነዳ የቀኝ ስፖኪዮ አላየሁም።» «መንጃ አይሆንልኝም» ብሎ የጻፈ ሰው የሚለማመደው ነገር የለውም፤ ስፖኪዮ የጻፈ ግን ሰኞ ዕለት ሥራ አለው። ድጋሚ ፈተናውን ብዙ አያርቁት። ጊዜ ሲረዝም ክህሎቱ ይደበዝዛል፣ ፍርሃቱ ግን ይወፍራል።

ካለፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ስንት መንጃ ፈቃድ ነው በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከልደት ካርድና ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተኝቶ የሚገኘው! ፈቃዱ ከወጣ በኋላ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ይቀራል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ ሌሊት ላይ ልጅ ሲታመም ፈቃድ ያላት እናት ታክሲ ፍለጋ ትደውላለች።

ስለዚህ ባለፉበት ሳምንት፣ እሑድ በማለዳ መንገዱ ጭር ሲል፣ ልምድ ያለው ባለፈቃድ ሰው አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ አጭር መንገድ ይውጡ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም እስከ እህትዎ ቤት። ያንኑ መንገድ አራት እሑድ ይድገሙት። አምስተኛው ላይ አንድ አደባባይ ይጨምሩ፣ ስድስተኛው ላይ ቅዳሜ ከሰዓትን ይሞክሩ። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እግሩን ወለሉ ላይ እየረገጠ «ፍሬን! ፍሬን!» የሚል ከሆነ በጨዋነት ከኋላ ወንበር ይጋብዙት።